ዳርዮስ ሞቶ የነገሠበት ፍላሽ

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እጄም እግሬም ሥራ ላይ ነው፤ ሥራ የሚፈታው ጆሮዬ ብቻ ነው። ሙዚቃው ከሰዓት በኋላ ይሰለቻል። ስለዚህ አንድ ዓመት ያህል ሆነኝ፣ ትረካ በፍላሽ አስጭኜ ትንሿ ስፒከሬ ላይ እሰካና እየሰማሁ እሰፋለሁ። አሁን የምጽፈው ሰሞኑን ስለገዛሁት ነው። የጥንቱ የፋርስ መንግሥት እንዴት እንደወደቀ የሚተርክ ነው፤ 14 ክፍል አለው።

የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ስልክ ይጠግናሉ፣ ከቨር ይሸጣሉ፣ ፍላሽ ይጭናሉ። ስሟን አልጠራም። ልጁ ሲበዛ ትሁት ነው፤ እንጀራው ላይ መቆም አልፈልግም። ለባዶ ፍላሹ 500፣ ለማስጫኛው 100 ብር ከፈልኩ።

«ማዘር፣ ይሄ አሪፍ ነው። ጦርነት በጦርነት ነው» አለኝ።

«ጦርነት ጠግቤያለሁ» አልኩት።

«እሺ፣ ፍቅርም አለበት።»

ፍቅር የለበትም። ይሄን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ክፍል 1 ቂሮስ ነው። ከትንሽ አገር ተነሥቶ ሜዶንን ይይዛል፣ ልድያን ይይዛል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ባቢሎን ይገባል። ምርኮኞቹን አይሁድ ወደ አገራቸው ይለቃል። ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ሲያልቅ ተነሥቼ ቡናውን ጣድኩና ተመለስኩ። ስመለስ ዳርዮስ የሚባል ንጉሥ ፊቱን አዙሮ ከጦር ሜዳ እየሸሸ ነው። ማን ነው ይሄ ደግሞ? አብራኝ የምትሠራው ልጅም ግራ ገብቷታል። «ቡናው ስንት ሰዓት ፈጀብን፣ እትዬ?» አለችኝ።

በነጋታው ዳርዮስ ሞተ። ትንሽ ቆይቶ ያሸነፈው የመቄዶንያው ንጉሥ እስክንድርም ሞተ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳርዮስ ነገሠ!

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ልጁ ክፍሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ነው የሰየማቸው። የኔ ስፒከር ደግሞ ከ1 ቀጥላ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 14 ብላ ነው ወደ 2 የምትመለሰው። በዚያ ላይ ዳርዮስ የሚባሉት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ522 የነገሠው ኃይለኛው ነው። ሁለተኛው መሀል ላይ አለ፤ ትረካው በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ሦስተኛው በ336 ነግሦ በ330 የተገደለው፣ የኛው መከረኛ ነው። ሞቶ የነገሠ የመሰለኝ እንግዲህ አንደኛው ነው። ተራኪው «ቀዳማዊ»፣ «ሣልሳዊ» ይላል፤ ግን አንዴ ተናግሮ ይተወዋል። የስፌት መኪና እያንኳኳ የሚሰማ ሰው እንዳለ ቢያስብ ኖሮ ይደጋግመው ነበር።

ስለ ተራኪው እንነጋገር። ድምፁ ጎርነን ያለ ነው፣ አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ሲረጋጋ እንደ አያት ያወራል። ጦርነት ሲመጣ ግን ያብዳል። ይጮኻል። ከኋላው ፈረስ ያሽካካል፤ ያውም አንድ ፈረስ ነው፣ ያችኑ ማሽካካት ደጋግመው ነው የሚያሰሙን። አንዲት ሙሽራ ደረቷን እየለካሁ ፈረሱ ሲያናፋባት ደንግጣ ሜትሩን ይዛብኝ ዞረች። ልኩን እንደገና ወሰድኩ።

ቁጥር ላይ ደግሞ አይጠየቅም። ጋውጋሜላ ላይ፣ በ331፣ ዳርዮስ አንድ ሚሊዮን እግረኛ አሰልፎ ነበር ይለናል። እርግጥ ከጥንት ጸሐፍት እንዲህ ብሎ የጻፈ አለ። የዛሬ ታሪክ አዋቂዎች ግን አይቀበሉትም፤ ተራኪው ይህን አይነግረንም። እኔ ታሪክ አዋቂ አይደለሁም፤ የጨርቅ ሒሳብ ግን አውቃለሁ። ለአንድ ሰው ሱሪና እጀ ጠባብ በትንሹ 4 ሜትር በሉ። አራት ሚሊዮን ሜትር! ማን ሸመነው? ማን ቀደደው? እኔ ለአንድ ትምህርት ቤት 200 ዩኒፎርም ስሰፋ ክረምቱ አልቆብኛል። እስክንድር ይዞት የመጣው 40 ሺህ እግረኛና 7 ሺህ ፈረሰኛ ነበር። ይሄኛውን አምናለሁ። 47 ሺህ ሰው በመርፌ ይዳረሳል።

ጥሩ የሆነበትን ልንገራችሁ። ክፍል 11 ነው። ሱሳ።

ሱሳ የአስቴር ታሪክ የተፈጸመባት ከተማ ናት። እስክንድር ሲገባባት ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከወርቁና ከብሩ ሌላ ሐምራዊ ጨርቅ አገኘ። ክብደቱ 5 ሺህ መክሊት። ጨርቁ እዚያ ሲቀመጥ 190 ዓመት ሆኖታል፤ ቀለሙ ግን ዛሬ የተነከረ ይመስል ነበር ይላል የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ማቅለሚያው ውስጥ ማር ይገባበት ነበር አሉ። መቀሴን አስቀመጥኩ። 190 ዓመት! እኔ ባለፈው ወር ለአንዲት ደንበኛ የሰፋሁት ሐምራዊ ጅልባብ በሁለተኛው እጥበት እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ነጥቶ ተመለሰልኝ። ጨርቁን የሸጠልኝን ነጋዴ ስጠይቀው «ውኃው ነው» አለ። ማር አልጨመርክበትም ልለው ፈልጌ ነበር።

ያን ጊዜ ሐምራዊ ቀለም የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ለአንዲት ልብስ ብዙ ሺህ ቀንድ አውጣ ያልቃል። ለዚህ ነው የንጉሥ ቀለም የሆነው። ይህን ተራኪው ዝርዝር አድርጎ፣ ሳይጮህ፣ ፈረስ ሳያስጮህ ነው የነገረን። እዚህ ላይ እጅ ነሥቻለሁ።

ከዚያ የሴትየዋ ነገር ይመጣል። ሲሲጋምቢስ ትባላለች፤ የዳርዮስ እናት ናት። ልጇ በ333 ኢሶስ ላይ ሲሸሽ እናቱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ድንኳን ውስጥ ትቷቸው ነው የሄደው። ተማረኩ። እስክንድር ግን በክብር ያዛቸው፤ አሮጊቷንም እናቴ ይላት ነበር። ሱሳ ላይ ከመቄዶንያ ሐምራዊ ጨርቅና ልብስ ተልኮለት ነበርና ከሠሪዎቹ ሴቶች ጋር ለሷ ላከላት። ከወደድሽው የልጅ ልጆችሽ ይህን ሥራ ይማሩ ብሎ።

አሮጊቷ አለቀሰች። ደስ ብሏት አይደለም። ለፋርስ ባላባት ሴት በእጇ ሱፍ ከመንካት የባሰ ውርደት የለም። ባሪያ አደረገን ብላ ነው የተረዳችው። እስክንድር ይህን ሲሰማ ራሱ መጣ። ይህ የለበስኩት ልብስ እኮ የእኅቶቼ እጅ ሥራ ነው፤ የኛን አገር ልማድ ይዤ ተሳሳትኩ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

እኔና ልጅቱ ተያየን። በኛ አገር ያደገች ሴት ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። እናቴ እንዝርቷን ሳትይዝ ጎረቤት አትሄድም ነበር። ባዘቶዋ በሰፌድ፣ እንዝርቷ በእጇ፣ ወሬዋም አይቋረጥም። ፈትል የማታውቅ ሴት ባለሙያ አትባልም፤ የወይዘሮ ልጅ ብትሆን እንኳ። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ጋቢ የሚያደርገውን ሰውዬ ግን ቁጢት በጣሽ ይሉታል። ፈታይዋ ተመስግና ሸማኔው ይሰደባል። አንድ ክር እኮ ነው! እኔም ይህን ሙያ ልማር ስል አንድ አጎቴ «ከዘር ማንዘራችን መርፌ ይዞ የኖረ አለ?» ብሎ ተቆጥቷል። አሁን ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ሲሲጋምቢስ ስታለቅስ ሁለቱም የገቡኝ፤ እሷም፣ እሱም።

አንድ ነገር ግን ከተራኪው ጋር አያስማማኝም። ትልቁ ቅሬታዬም ይኸው ነው። በሱ አነጋገር ፋርስን የጣላት የእስክንድር ጀግንነት ብቻ ነው። 334 ግራኒኮስ፣ 333 ኢሶስ፣ 331 ጋውጋሜላ፤ ሦስት ጊዜ ተመታች፣ አለቀ። የገዛ ትረካውን ልብ ብሎ ያዳመጠው አይመስለኝም። እስኪ የከተማዎቹን ቁልፎች ተከተሉ።

ማዛዮስ የሚባል ሰው አለ። ጋውጋሜላ ላይ ለዳርዮስ ክፉኛ ተዋግቷል። ብዙም ሳይቆይ ያው ሰውዬ ልጆቹን አስከትሎ ወጥቶ ባቢሎንን አስረከበ። እስክንድርም የባቢሎን ገዢ አድርጎ ሾመው። ሱሳን የሚገዛው አቡሊቴስ ከተማውን ሰጠ፤ ሹመቱም ረጋለት። የሌላዋ የፋርስ መዲና የፐርሰፖሊስ ግምጃ ቤት ጠባቂ ቲሪዳቴስ ቶሎ ድረስ ብሎ ደብዳቤ ላከ። እምቢ ብሎ ተራራ መሀል መንገድ የዘጋው አርዮባርዛኔስ ነው። እሱንም አንድ እረኛ የነበረ ምርኮኛ በኋላ በኩል የሚያስገባ ጥርጊያ አሳየበት። መጨረሻ ላይ ዳርዮስን አስረው፣ ወግተው፣ ጋሪ ላይ ጥለውት የሄዱት የራሱ ሹሞች ናቸው፤ መሪያቸውም የባክትርያው ገዢ ቤሶስ ነው።

እኔ ሱሪ ተቀዶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው። ጨርቁ መሀል ላይ ከተቀደደ ሚስማር ነክቶት ነው። ስፌቱ ላይ ከተለቀቀ ግን ክሩ ከፊትም የበሰበሰ ነው፤ ሰውዬው ቁጭ ሲል ተረተረ እንጂ መቀመጡ አይደለም የቀደደው። ፋርስ የተለቀቀችው ስፌቷ ላይ ነው። ተራኪው ራሱ ክፍል 8 ላይ ነግሮናል እኮ! ባጎአስ የሚባል ጃንደረባ ነበር። የጥንት ጸሐፍት እንደሚሉት አንዱን ንጉሥ በመርዝ ገደለ፤ ልጁን አነገሠና እሱንም ከነቤተሰቡ ጨረሰ፤ ከዚያ ይህን ዳርዮስን አመጣ። ዳርዮስም መርዝ ሲቀርብለት አወቀበትና ባጎአስን ራሱን አስጠጣው። ይህ ሁሉ የሆነው እስክንድር ባሕሩን ሳይሻገር ነው። ሁለት ንጉሥ በሁለት ዓመት ሞቶበት እንዲህ ባለ ቤት የገባ ሰው ማንን አምኖ ይተኛል? ክፍል 8ን ግን እኔ የሰማሁት ሁሉም ሞቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምስጋና ለስፒከሬ።

ክፍል 12ን በአንድ ጊዜ አልጨረስኩትም። ፐርሰፖሊስ ትዘረፋለች፤ ወታደሩ ቤት ለቤት ገባ፣ ጨርቅ ተናጠቀ፣ ሁለት ሰው አንድ ካባ ይዞ ይጎትታል። የንጉሡን ሀብት ለማጓጓዝ 10 ሺህ ጥንድ በቅሎና 5 ሺህ ግመል አስፈልጓል ይላል ፕሉታርክ። ቤተ መንግሥቱም ተቃጠለ። እኔ በ2014 ከከተማ ወጥተን ስንመለስ የሱቄ በር ተከፍቶ ነበር። ሲንጀሯ የለችም። ክሩ፣ ቁልፉ፣ ደንበኞች የሰጡኝ ጨርቅ ሳይቀር የለም። ሜትሩ ብቻ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘሁት። ስለዚህ ተራኪው «ድንቅ የድል ምሽት» ሲል አጠፋሁት። በማግስቱ ነው የቀጠልኩት። አልፈርድበትም፤ ግን እንዲህ ባለ ቦታ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ መጡ። የሠፈራችን ሰው ናቸው፤ ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚት በላይ ሊያሳጥሩ ነው። ቁጭ ብለው አቦሉን እየጠጡ ትንሽ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ተሳስቷል። ፋርስ የወደቀችው በሰይዲና ዑመር ዘመን ነው።»

«ኧረ ሐጂ፣ ይሄ ከክርስቶስ በፊት ነው።»

«አብሽሪ፣ እኔ ቃዲሲያን ተምሬያለሁ።»

ቶናው ላይ ደረስን፣ አልተስማማንም። በረካው ላይ ልጅቱ በስልኳ አየችና አስታረቀችን። ሁለታችንም ልክ ነን። ከዳርዮስ በኋላ የእስክንድር ጄኔራሎች ገዙ፤ ከነሱ በኋላ ጳርቴዎች መጡ፤ ቀጥሎ ሳሳናውያን የሚባሉ ሌሎች የፋርስ ነገሥታት ተነሡ። ሐጂ የሚሉት እነዚህን ነው። ቃዲሲያና ኒሃዋንድ ላይ በሙስሊሞቹ ጦር ተሸንፈው፣ የመጨረሻው ንጉሣቸው ያዝደጊርድ በ651 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር ሜርቭ የምትባል ከተማ አጠገብ ተገደለ። ከዳርዮስ ሞት ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። የሚገርመው እሱም ሲሸሽ ነው የሞተው፣ እሱንም የገዛ ሹሞቹ ፊት ነሥተውት። ትረካው ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ወሎ ውስጥ የሚሰማ ሰው ግማሹ ይህን ጥያቄ እንደሚያነሣ እንዴት ይረሳል? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር።

ሐጂ ሲወጡ ስለ ሱሪ ያለውን ክፍል አሰማኋቸው፤ እሱን ወደዱት። ሱሪ የፋርሶች ልብስ ነው፤ ፈረስ ለመጋለብ ይመቻል። ግሪኮች ግን ይስቁበት ነበር፤ የነሱ ወንድ ባዶ እግሩን፣ ጭኑን ለነፋስ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። እስክንድር ካሸነፈ በኋላ የፋርስን ልብስ መልበስ ጀመረ፤ ሱሪውን ግን እምቢ አለ። ሐጂ ሱሪያቸውን በሁለት ጣት ብድግ አድርገው አዩት። «ታዲያ አሁን ማን አሸነፈ?» አሉ። ደሴ ውስጥ ጭኑን ለብርድ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው አላየሁም።

ፍላሹን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ አልተከራከረኝም። ከ10 በታች ያሉት ላይ ዜሮ ጨመረበት፤ 01፣ 02፣ 03። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። «ሌላ ሰውም እንዲህ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ትረካው መስሎኝ» አለኝ። ለዚህ ነው ስሙን ያልጠራሁት። የምታስጭኑ ሰዎች ግን ከመክፈላችሁ በፊት ዜሮዋን ጠይቁ። ክፍል 6 መሀል ላይም ድምፁ ለአራት ደቂቃ ያህል ይጠፋል፤ እሱን ልጁም ማስተካከል አልቻለም፣ ከምንጩ ነው። ለ100 ብር አልተጎዳሁም። ለልጆች ክፍል 8ን፣ 12ንና 13ን አላሰማም። ጦርነት የሚወድ ሰው ይወደዋል፤ ጨርቅ የሚወድ ክፍል 11ን ሁለት ጊዜ ይስማ።

ከዚያ በተራው እንደገና ሰማሁት። ክፍል 9 ላይ ስደርስ የሐጂን ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። ኢሶስ ነው፤ እናትዬው ድንኳን ውስጥ ናት። እስክንድር ጓደኛውን ሄፋስትዮንን ይዞ ይገባል። ሄፋስትዮን ቁመቱ ይበልጣል፤ እሷም ንጉሡ መስሏት እግሩ ላይ ወደቀች። ሰዎቹ በምልክት ሲነግሯት አፈረች፤ ደነገጠች። እስክንድር አነሣትና «አልተሳሳትሽም እናቴ፣ እሱም እስክንድር ነው» አላት።

እኔ ደግሞ መጨረሻዋን አውቀዋለሁ፤ ክፍል 14ን በሁለተኛው ቀን ሰምቼው የለ። በ323 እስክንድር ባቢሎን ላይ ሞተ ሲሏት ፊቷን ሸፈነች። እህል አልቀምስም ብላ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ልጇ ሲሞት በሕይወት የቆየች ሴት ናት። ያኔ በተዘበራረቀው ስሰማው ያች የሱሳዋ እናት መሆኗን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር፤ አንዲት አሮጊት ሞተች ብዬ አለፍኳት። አሁን ገና ድንኳኑ ውስጥ ተንበርክካ፣ የምታፍርበትን ሰው ሳታውቀው፣ አየኋት።

«እትዬ፣ ካውያው!» አለች ልጅቱ።

የሐጂ ሱሪ ግራ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ብሏል። ነግሬያቸዋለሁ።